አንድ ውል፣ አራት ስም፦ የፊላደልፊያው አዳራሽ ስያሜዎች

ክቡራትና ክቡራን፣

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ለሰባ ሰባቱ ረሃብ እርዳታ ማሰባሰቢያ የተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ በአንድ ቀን በሁለት ከተሞች ተካሄደ። አንደኛው መድረክ ለንደን ዌምብሌይ ላይ ነበር። ሁለተኛው ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በሚባል ግዙፍ ስታዲየም ነበር። ያ ስታዲየም ዛሬ የለም። በ1989 ተዘጋ፣ በ1992 ፈረሰ፣ በቦታውም ላይ ለበረዶ ሆኪና ለቅርጫት ኳስ የሚያገለግል ትልቅ አዳራሽ ቆመ። የዛሬው ንግግር ስለዚያ አዳራሽ ስሞች ነው። ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ውሎቹ የተጻፉት በዚያ ነውና።

የፈረሰው ስታዲየም በዕድሜው ሦስት ስም አሳልፏል። በ1926 አሜሪካ የነጻነቷን 150ኛ ዓመት ስታከብር ለበዓሉ ተሠራ፣ የበዓሉንም ስም ያዘ። በዓሉ ሲያልፍ የማዘጋጃ ቤቱ ስታዲየም ተባለ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከተገደሉ በኋላ ደግሞ በ1964 ለመታሰቢያቸው በስማቸው ተጠራ። አንዴ በበዓል፣ አንዴ በባለቤት፣ አንዴ በሟች መሪ ተሰየመ ማለት ነው። ለስሙ ገንዘብ የከፈለ ግን አልነበረም። በቦታው የተተካው አዳራሽ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ በሩ ገና ሳይከፈት ስሙ ተሽጧል።

አዳራሹ በ1996 ከተከፈተ ጀምሮ አምስት ስም ይዟል፤ ኮርስቴትስ ሴንተር፣ ፈርስት ዩኒየን ሴንተር፣ ዋኮቪያ ሴንተር፣ ዌልስ ፋርጎ ሴንተር፣ አሁን ደግሞ ኤክስፊኒቲ ሞባይል አሬና። ዝርዝሩን ብቻ ያየ ሰው አምስት ገዢ፣ አምስት ጨረታ፣ አምስት ድርድር ነበር ብሎ ያስባል። እውነቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ስሞች የወጡት ከአንድ ውል ነው። የስም ለውጥና የውል ለውጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው የስያሜ መብት የሚባለውን፣ የሕንፃን ስም ለኩባንያ የመሸጥ ንግድ አይረዳውም፤ ዜና ሲጽፍም ሆነ ውል ሲዋዋል ይሳሳታል።

ከጎረቤቱ አዳራሽ ልጀምር። በዚያው ግቢ፣ ከኬኔዲ ስታዲየም አጠገብ፣ በ1967 ስፔክትረም የሚባል አዳራሽ ተከፍቶ ነበር። ፍላየርስ የተባለው የሆኪ ቡድንና ሲክሰርስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ቤት እሱ ነበር። ገና በመጀመሪያው ክረምት፣ በፌብሩዋሪ 1968፣ ነፋስ የጣሪያውን አንድ ክፍል ገንጥሎ ወሰደው። አዳራሹ ተዘግቶ ፍላየርስ የቀሩትን የቤት ጨዋታዎች በኒው ዮርክ፣ በቶሮንቶና በኩቤክ ከተማ ለመጫወት ተገደደ። ስፔክትረም ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በዚያው ስም ኖረ። በ1994 የባንክ ስም ከፊቱ ተቀጠለለትና ኮርስቴትስ ስፔክትረም ሆነ፤ ቀጥሎ ፈርስት ዩኒየን ስፔክትረም፣ ቀጥሎ ዋኮቪያ ስፔክትረም። በኦክቶበር መጨረሻ 2009 እስከተዘጋበት ቀን ድረስ ግን የከተማው ሰው ስፔክትረም ነበር የሚለው።

ይህን ልብ በሉልኝ። የስፖንሰር ስም በነባር ስም ፊት ሲቀጠል ሰው ቅጥያውን ጥሎ የሚያውቀውን ይጠራል። ተናጋሪው ስፖንሰሩን ስለጠላ አይደለም፤ አጭሩ ስም አፉን ስለለመደ ነው። በዴንቨር ማይል ሃይ የሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ በ2001 በአዲስ ሲተካ ኢንቬስኮ ፊልድ አት ማይል ሃይ ተብሎ ሲሰየም የከተማው ጋዜጣ ዴንቨር ፖስት ለተወሰነ ጊዜ የስፖንሰሩን ስም ላለመጻፍ ወስኖ ነበር። ስለዚህ ለስም የሚከፍል ኩባንያ አዲስ ሕንፃ ይመርጣል። አዲስ ሕንፃ ሌላ ስም ስለሌለው ሰው የሚጠራበት ሌላ አማራጭ የለውም። የስያሜ መብት ዋጋ ሲተመን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይህ ነው፤ ሕንፃው በሰው አፍ ላይ ስም አለው ወይስ የለውም?

አሁን ወደ ውሉ። ኮርስቴትስ የፊላደልፊያ ባንክ ነበር። አዲሱ አዳራሽ 210 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ሲሆን፣ ባንኩ ለስሙ 40 ሚሊዮን ዶላር በ21 ዓመት ለመክፈል ተስማማ። ከ21ኛው ዓመት በኋላ ዝርዝሩ ወደፊት የሚወሰን የ8 ዓመት ተጨማሪ ጊዜም ተካቶ ነበር። 21 እና 8 ሲደመር 29 ነው። አዳራሹ ኦገስት 31 ቀን 1996 በሆኪ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ተከፈተ፤ 29 ዓመት ስትቆጥሩ ኦገስት 2025 ላይ ትደርሳላችሁ። ይህን ቀን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

40 ሚሊዮን ለ21 ሲካፈል በዓመት 1.9 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ክፍያ ብዙ ጊዜ በእኩል አይከፈልም፤ በየዓመቱ በተወሰነ መቶኛ ያድጋል። ለምሳሌ ያህል በወረቀት ላይ እናስላው። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 1.4 ሚሊዮን ቢሆንና በየዓመቱ 3 በመቶ ቢጨምር፣ በ21 ዓመት ድምሩ 40 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል፤ የመጨረሻው ዓመት ክፍያ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ይሆናል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ትልቁ ቁጥር የዚህ ሁሉ ድምር ነው። የባለቤቱን ገንዘብ ያዥ የሚያሳስበው ግን በዚህ ዓመት የሚገባው ነው። ሁለት ውሎችን ማወዳደር ስትፈልጉ ድምሩን ለዓመቱ አካፍሉ፣ ቀጥሎ ዕድገቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ በፊት የሚደረግ ንጽጽር ያሳስታል።

ዋጋው ምን ያህል በፍጥነት እንደተቀየረ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው የስፖርት ግቢ፣ መንገድ ተሻግሮ ያለው የአሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየም በ2002 ስሙን ለሊንከን ፋይናንሻል ሲሸጥ ዋጋው 139.6 ሚሊዮን ዶላር በ21 ዓመት ነበር፤ በዓመት 6.6 ሚሊዮን መሆኑ ነው። ሁለቱ ሕንፃዎች የተለያዩ ስፖርቶችን የሚያስተናግዱ ስለሆኑ ንጽጽሩ ቀጥተኛ አይደለም። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ገዢ ርካሽ ዋጋ ላይ ለረጅም ጊዜ መቀመጡ ግልጽ ነው። ረጅም ውል ለባለቤቱ እርግጠኛ ገቢ ይሰጠዋል፣ ገበያው ሲወጣ ግን እጁን ያስረዋል። ከዚህም በፊት የነበረውን ካያችሁ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። በ1973 በቡፋሎ የተከፈተው ሪች ስታዲየም ስሙን የሸጠው በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ለ25 ዓመት ነበር። በዓመት 60 ሺህ ዶላር ማለት ነው።

ኮርስቴትስ በስሙ የተጠቀመበት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ1998 የሰሜን ካሮላይናው ፈርስት ዩኒየን ባንክ ገዛው። ገዢው ባንክ ከሕንፃዎቹ፣ ከተቀማጭ ገንዘቡና ከዕዳው ጋር የስያሜ ውሉንም ወረሰ። አዳራሹ ፈርስት ዩኒየን ሴንተር ሆነ። እዚህ ላይ የሁለት ቃላትን የመጀመሪያ ፊደላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ የረሳ ሰው ነበር። በእንግሊዝኛ ኤፍ እና ዩ አብረው ሲጠሩ የታወቀ ስድብ ናቸው። ተመልካቹ አዳራሹን ኤፍ ዩ ሴንተር ብሎ ጠራው፤ ይህም ስሙ እስኪቀየር አምስት ዓመት ዘለቀ። ስም ከመጽደቁ በፊት መደረግ ያለበት ቀላል ሥራ ከዚህ ይወጣል፤ ሙሉ ስሙን፣ የመጀመሪያ ፊደላቱን፣ የተቆረጠውን አጠራር፣ የበይነ መረብ አድራሻው ክፍተት ሳይኖረው ሲጻፍ የሚሰጠውን ንባብ፣ አንድ አምፖል ሲቃጠል የሚቀረውን ቃል ሁሉ ጮክ ብሎ ማንበብ። በከተማው ውስጥ በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ ማንበብም ይገባል።

ሁለተኛው ለውጥ የበለጠ ያስገርማል። በ2001 ፈርስት ዩኒየን ዋኮቪያ የሚባል ባንክ ገዛ። ብዙ ጊዜ ገዢው የተገዛውን ስም ያጠፋል፤ ፈርስት ዩኒየን ግን የራሱን ስም ትቶ የተገዛውን ስም ወሰደ። ስለዚህ በ2003 አዳራሹ ዋኮቪያ ሴንተር ሲባል የውሉ ባለቤት ያው የቀድሞው ኩባንያ ነበር፤ ቀለሙን ብቻ ቀየረ። ሦስተኛው ለውጥ የ2008 የገንዘብ ቀውስ ውጤት ነው። ዋኮቪያ ሲንገዳገድ ዌልስ ፋርጎ ገዛው፤ ግዢው በዓመቱ መጨረሻ ተጠናቀቀ፣ አዳራሹ ግን ዌልስ ፋርጎ ሴንተር የተባለው ከጁላይ 1 ቀን 2010 ጀምሮ ነው። ሦስቱም ጊዜ ባንክ ባንክን ሲገዛ ታፔላው ተነቀለ እንጂ አዲስ ጨረታ አልወጣም፤ የሕንፃው ባለቤትም ስሙን እንደ አዲስ የመሸጥ ዕድል አላገኘም።

ለምን ባንክ? ባንክ በአንድ ከተማ ብዙ ቅርንጫፍ አለው፣ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ጋር ይገናኛል፣ ስሙ ካልታመነ ገንዘብ አይቀመጥበትም። በሌላ በኩል የ1990ዎቹ የአሜሪካ ባንኮች እርስ በርስ የሚገዛዙበት ዘመን ነበር። ቦስተንን ተመልከቱ። እዚያ የተሠራው አዳራሽ ስሙን ለሾማት ባንክ ሸጦ ነበር፤ ሕንፃው ሳይከፈት ሾማት በፍሊት ባንክ ተገዛና በ1995 የተከፈተው ፍሊትሴንተር ተብሎ ነው። ፍሊት በተራው በ2004 ተሸጠ፣ አዳራሹ በ2005 ቲዲ ባንክኖርዝ ጋርደን፣ በ2009 ቲዲ ጋርደን ሆነ። በእንዲህ ያለ ዘርፍ ውስጥ ካለ ኩባንያ ጋር የ20 ወይም የ30 ዓመት ውል የሚፈርም ሰው ውህደት ይመጣል ብሎ ነው መጻፍ ያለበት።

ስለዚህ ውሉ ውስጥ ምን ይጻፋል? የስም ለውጥ አንቀጽ ከሁሉ ይቀድማል። ስፖንሰሩ ስሙን ቢቀይር ወይም በሌላ ቢገዛ አዲሱ ስም በቀጥታ ይገባል ወይስ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል? በስንት ዓመት አንዴ? የታፔላው፣ የወለሉ፣ የደንብ ልብሱ ወጪ በማን ላይ ነው? አዲሱ ስም በአዳራሹ ውስጥ ካለ ሌላ ስፖንሰር ጋር ቢጋጭስ? ወጪው ሙሉ በሙሉ በስፖንሰሩ ላይ ካልተጻፈ፣ ባለቤቱ ያላመጣውን ለውጥ በገዛ ገንዘቡ ይከፍላል። የሚታይ ታፔላ ብቻ አይደለም የሚቀየረው፤ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ከታሰበው ይረዝማል።

በሩቅ ከሚታየው እንጀምር። የውጭ ፊደላት በብረት ወይም በአልሙኒየም ማቀፊያ ከግድግዳ ጋር የታሰሩ ናቸው። ሲነቀሉ የብሎን ቀዳዳና ፀሐይ ያልነካው የግድግዳ ቀለም ይቀራል፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ውሃ ያስገባል፣ ጥላው ካልተቀባ የድሮው ስም ለዓመታት ይነበባል። ዴንቨር ውስጥ የዚያው የማይል ሃይ ሜዳ ስፖንሰር የነበረው ስፖርትስ ኦቶሪቲ በ2016 ከሰረ፣ ታፔላው ግን ከአንድ ዓመት በላይ በቦታው ቆየ። ስሙ ወርዶ የሚተካው ካልተገኘ ሕንፃው የተጎዳ ይመስላልና። ጣሪያ ላይ ስም ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የጣሪያው ሽፋን አምራች ያልፈቀደው ቀለም ከተቀባ የጣሪያው ዋስትና ሊፈርስ ይችላል፤ ሥራው ደረቅና ሞቃት ቀናትን ይፈልጋል።

ቀጥሎ በረዶው። የሆኪ ሜዳ 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ወርድ አለው። በረዶው በአንድ ጊዜ አይፈስም። ከሥሩ ቱቦ በተዘረጋበት የቀዘቀዘ ኮንክሪት ላይ ውሃ በስሱ ይረጫል፣ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ እንደገና ስስ ውሃ ተረጭቶ ይታሸጋል። ከዚያ መስመሮቹና የስፖንሰር ስሞች ይገባሉ፣ በላያቸው ብዙ ስስ ንብርብር ውሃ እየቀዘቀዘ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስሙ ያለው በበረዶው ሆድ ውስጥ ነው። በውድድር መሀል ልቀይረው ያለ ሰው በረዶውን እስከ ቀለሙ መፋቅና ያን ቦታ እንደገና መሥራት አለበት። አዲሱ በረዶ ከአሮጌው ጋር በደንብ ካልተያያዘ ስፌቱ ይላላል፤ የሆኪው ዲስክ እዚያ ሲደርስ ይዘላል፣ ተጫዋችም ሊሰናከል ይችላል።

የቅርጫት ኳሱ ወለል ደግሞ ከሜፕል እንጨት የተሠራ፣ ተነቃይ ነው። በረዶው ላይ ሙቀት የሚከላከል ሽፋን ይዘረጋል፣ ወለሉ በቁጥር ተራ ይገጠማል። አንድ ስም ብዙ ቁራጭ ላይ ስለሚያርፍ ለመቀየር እነዚያ ቁራጮች ተፍቀው፣ ተቀብተው፣ ቫርኒሽ ተደርጎላቸው እስኪደርቁ ቀናት ይፈልጋሉ። ቫርኒሹ ከቀሪው ወለል ጋር ካልተመሳሰለ የተጫዋች ጫማ በአንዱ ቁራጭ ይይዛል፣ በሌላው ይንሸራተታል። በዚህ ምክንያት ነው የስም ለውጥ ቀን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በበጋ እረፍት የሚውለው። የፊላደልፊያውን ሁለት ቀናት ተመልከቱ፤ ጁላይ 1 ቀን 2010 እና ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025። ሁለቱም ውድድሩ በኦክቶበር ከመጀመሩ በፊት ናቸው።

ሌላው ከዓይን የራቀ ነው፤ የቲኬት ጽሑፍ፣ የሠራተኛ መታወቂያ፣ የመጠጥ ኩባያ፣ የኢንሹራንስ ሰነድ፣ ከሙዚቃ አዘጋጆች ጋር የተፈረሙ ውሎች፣ የስልክ ካርታዎች። የድሮው የበይነ መረብ አድራሻ ለብዙ ዓመታት ተይዞ ወደ አዲሱ መምራት አለበት። ክፍያው ሲቋረጥ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል፣ ሐሰተኛ ቲኬት ሻጭ የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን አድራሻ ነው። የሕዝብ ትራንስፖርትም አለ። ወደዚህ የስፖርት ግቢ የሚያደርሰው የባቡር ጣቢያ ፓቲሰን በሚባለው መንገድ ስም ይጠራ ነበር። በ2010 የትራንስፖርት ድርጅቱ የጣቢያውን ስም ለስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ሸጠ፣ በ2018 ደግሞ ስሙ ወደ ኤነርጂ ኩባንያው ኤንአርጂ ዞረ። ይህ የሚያሳስብ ለውጥ ይመስለኛል። የአዳራሽ ስም ቢለዋወጥ ሰው ይስቃል ወይም ይናደዳል፤ የጣቢያ ስም ግን መንገደኛ የት እንደሚወርድ የሚያውቅበት ነው። ቢያንስ የመንገዱ ስም ከጎኑ በጉልህ መቅረት ነበረበት።

በውሉ ውስጥ ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ሌላው ነገር የዘርፍ ብቸኝነት ነው። ባንክ ስም ከገዛ ሌላ ባንክ በአዳራሹ ውስጥ ማስታወቂያ አይሰቅልም፣ የገንዘብ መክፈያ ማሽን አይተክልም። ታዲያ የሌላ ባንክ ስፖንሰርነት ይዞ የሚዞር የሙዚቃ ቡድን ሲመጣስ? አስቀድሞ ካልተጻፈ በኮንሰርቱ ዋዜማ ጠበቆች ይጠራሉ። ጨዋታ የማይካሄድበት ጊዜም ይመጣል። የ2004–05 የሆኪ ውድድር በባለቤቶችና በተጫዋቾች ክርክር ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል፤ ዋኮቪያ ሴንተር በዚያ ዓመት አንድም የሊግ ሆኪ ጨዋታ አላስተናገደም። ስንት ጨዋታ ሲጎድል ስንት ብር ይቀነሳል የሚለው ቀመር በሰላሙ ጊዜ ነው መጻፍ ያለበት።

ዓለም አቀፍ ውድድሮችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ለ2026 የዓለም ዋንጫ ፊፋ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሊንከን ፋይናንሻል ፊልድን ፊላደልፊያ ስታዲየም ብሎ ነው የሰየመው። የለንደኑ ኦ2 አዳራሽ በ2012 ኦሎምፒክ ኖርዝ ግሪኒች አሬና ተብሎ ነበር። ስፖንሰሩ በዓለም ትልቁ ተመልካች በሚገኝበት ሰዓት ስሙ ይሸፈናል ማለት ነው። ይህን ውል ሲፈረም ያልነገረው ባለቤት በኋላ ካሳ ይጠየቃል።

ኪሳራ ደግሞ ከውህደት የከፋ ነው። ውህደት ቢያንስ የሚከፍል ወራሽ ያመጣል። ሂዩስተን ውስጥ በ2000 የተከፈተው የቤዝቦል ሜዳ ስሙን ለኤነርጂ ኩባንያው ኤንሮን በ100 ሚሊዮን ዶላር ለ30 ዓመት ሸጦ ነበር። ኤንሮን በዲሴምበር 2001 ከሰረ፣ ባለሥልጣናቱም በማጭበርበር ተከሰሱ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የቡድኑ ባለቤቶችን ያስጨነቃቸውም ይኸው ነው። ውሉ በራሱ አልፈረሰም፤ የከሰረ ኩባንያ መብት እንደ ንብረት ይቆጠራልና አበዳሪዎቹ ዋጋ ይጠብቁበታል። ቡድኑ ስሙን ለማውረድ በ2002 መጀመሪያ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ መብቱን መልሶ ገዛ። በዚያው ዓመት ሚኒት ሜይድ የተባለው የጭማቂ ኩባንያ ተተካ፤ ከ2025 ጀምሮ ሜዳው ዳይኪን ፓርክ ይባላል።

ማያሚም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። የማያሚ ዴድ ካውንቲ ንብረት የሆነው አዳራሽ ከአሜሪካን ኤርላይንስ በኋላ በ2021 ስሙን ለክሪፕቶ ኩባንያው ኤፍቲኤክስ በ135 ሚሊዮን ዶላር ለ19 ዓመት ሸጠ። ኩባንያው በኖቬምበር 2022 ከሰረ። ስሙን ለማውረድ የኪሳራ ፍርድ ቤት ፈቃድ አስፈለገ፤ ፈቃዱ የተገኘው በጃንዋሪ 2023 ነው። በመሀሉ ያሉት ሳምንታት ሁሉ የአዳራሹ የቅርጫት ኳስ ቡድን የከሰረ ኩባንያ ስም በተጻፈበት ወለል ላይ ይጫወት ነበር። በኤፕሪል 2023 ካሴያ የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ በ117.4 ሚሊዮን ዶላር ለ17 ዓመት ወሰደው። በዓመት ስታካፍሉት 6.9 ሚሊዮን ነው፤ የቀድሞው 7.1 ሚሊዮን ነበር። ልዩነቱ ያን ያህል የሰፋ አይደለም። ካውንቲውን የጎዳው የክፍያው መጠን ሳይሆን የገዢው ዕድሜ ማነስ ነው። መከላከያው ቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ፣ የባንክ ዋስትና፣ የገዢው የሒሳብ ምርመራ ሪፖርት ነው። ከሁሉም ዋስትናው ይበልጣል፤ ስፖንሰሩ ሲከስር ዋስትና የሰጠው ባንክ ይከፍላል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ፤ ኦገስት 2025። ዌልስ ፋርጎ በ2024 ውሉን እንደማያድስ አስታወቀ። ከ1996 ጀምሮ የአዳራሹ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ገበያ ላይ ወጣ። ገዢው የመጣው ግን ከቤት ነው። አዳራሹን የሚያስተዳድረው ኮምካስት ስፔክታኮር የኬብል ቴሌቪዥንና የኢንተርኔት ኩባንያው የኮምካስት ክፍል ነው፤ ኤክስፊኒቲ ሞባይልም የዚያው የኮምካስት የስልክ አገልግሎት ነው። ባለቤቱ ስሙን ለራሱ ምርት ሰጠው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውህደት የለም፣ ኪሳራ የለም፣ ዋስትናም አያስፈልግም። ከውጭ ሊመጣ የሚችል ገቢ ግን ቀርቷል። ስሌቱ ትርጉም የሚኖረው አንድ ነገር ሲታሰብ ነው። ኮምካስት ስፔክታኮርና ሲክሰርስ በጃንዋሪ 2025 በዚያው ደቡብ ፊላደልፊያ አዲስ አዳራሽ በጋራ ለመሥራት ተስማምተዋል። ጥቂት ዓመት ብቻ የቀረው ሕንፃ ለውጭ ኩባንያ የሚሸጥ ረጅም ጊዜ የለውም። ትልቁ ዋጋ ያለው ነባር ስም በሌለው በአዲሱ ሕንፃ ላይ ነው።

በመጨረሻ ለምትጽፉ፣ ለምትተረጉሙ፣ መዝገብ ለምትይዙ አንድ ተግባራዊ ጉዳይ። በ2000 የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ በፈርስት ዩኒየን ሴንተር ተካሄደ። በ2001 የአለን አይቨርሰን ሲክሰርስ ለኤንቢኤ ፍጻሜ የተጫወተው በፈርስት ዩኒየን ሴንተር ነው። በ2010 ፍላየርስ ለስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው በዋኮቪያ ሴንተር ነው፤ ስሙ የተቀየረው ከፍጻሜው ሳምንታት በኋላ ነውና። በ2016 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ የተካሄደው በዌልስ ፋርጎ ሴንተር ነው። እነዚህን ከተለያዩ ጽሑፎች የሚሰበስብ ሰው ሦስት ሕንፃ ይቆጥራል፤ ሕንፃው ግን አንድ ነው። በሌላ በኩል ከ2003 እስከ 2009 ዋኮቪያ የሚል ስም የያዙ ሁለት አዳራሾች በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ ዋኮቪያ ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው የትኛውን እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ በዝግጅቱ ቀን የነበረውን ስም ጻፉ፣ በመጀመሪያው ጥቅስ ላይ ከተማውንና የዛሬውን ስም ከጎኑ አስቀምጡ፣ በመረጃ ቋት ውስጥ ደግሞ ሕንፃውን በስሙ ሳይሆን በማይለወጥ ነገር መዝግቡት። ለዚህ አዳራሽ የማይለወጠው አድራሻው ነው። በአምስቱም ስሞች ዘመን 3601 ደቡብ ብሮድ ጎዳና ነበር፤ አምቡላንስም የሚላከው በዚሁ አድራሻ ነው።